በአልጋዎች መካከል ያነበብነው የጠፈር ልቦለድ

ታላቅ እህቴ የሐሞት ከረጢቷን በቀዶ ጥገና አውጥታ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ በነበረችበት ሰሞን፣ እኔ ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ አስታምማት ነበር። የፋብሪካ የጠዋት ፈረቃዬን ስጨርስ ሚኒባስ እይዛለሁ። የሐረጎን ዳገት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያልን ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ይቀራል፣ ጉሙ ይቀበለናል። እህቴ ድሮም ዝምተኛ ናት። አረብ አገር ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ ዝምታዋ ብሷል። አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጡ ሲጨንቀኝ መጽሐፍ ይዤ መሄድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ያኔ ሰው ሁሉ ይቀባበለው የነበረውን የፍቅር ልቦለድ ነው። በለሆሳስ ሳነብላት፣ እግራቸው ተሰብሮ ከገጠር የመጡና ከጎኗ የተኙ አሮጊት፣ "እኛስ ጆሮ የለንም? ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ" አሉኝ። ከፍ አደረግኩት። ትንሽ እንደሄድኩ እጃቸውን አወናጨፉ።

"ይቺ ልጅ ወላጅ የላትም? ጎረቤትስ የላትም? ሲኳረፉና ሲታረቁ ነው እንዴ የሚውሉት? ወላሂ፣ አንዳቸውም ሥራ ሲሠሩ አልሰማሁም።"

መስኮቱ ሥር የተኛችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳቀች። ትርፍ አንጀቷ ከወጣ ገና ጥቂት ቀኗ ስለነበር ወዲያው ሆዷን ያዘች። "እውነታቸውን ነው። እኔም ዶርም ውስጥ ጀምሬው ግማሹ ላይ ነው የጣልኩት። የሳይንስ ልቦለድ አምጪልን።"

በማግስቱ እዚያው ደሴ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ፣ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሽፋኑ የተላጠ አንድ የትርጉም ልቦለድ ገዛሁ። "ይሄን የወሰደ ሰው ወይ ሊያመሰግነኝ ወይ ሊጣላኝ ይመለሳል። ዝም ያለ የለም" አለኝ።

ታሪኩ በከዋክብት መካከል በምትጓዝ መርከብ ላይ ሞተር ለመጠገን ስለተቀጠረች ሴት ነው። ጡት ያልጣለች ልጇን ለእናቷ ትታ ትሄዳለች። መርከቧ እጅግ ስለምትፈጥን ውስጧ ያለው ጊዜ ቀስ ይላል፤ ለሴትየዋ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ምድር ላይ ዓመታት ይነጉዳሉ። እዚህ ጋ ስደርስ ተማሪዋ፣ ጊዜ በሁሉም ቦታ እኩል እንደማይሄድ ለአሮጊቷ ልታስረዳቸው ሞከረች።

"ሱብሃነላህ! ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል?" አሉ። "የአላህ ቀን ከእኛ ቀን ጋር እኩል መሰለሽ እንዴ? ቀጥይ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሌላ ሆነ። ገና በር ላይ ሲያዩኝ አሮጊቷ "ያቺ ልጅ የት ደረሰች?" ይሉኛል። የከሰዓቱን የአስር ሰላት ከሰገዱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ያረቢ፣ ለታመመው ሁሉ አፊያ ስጥ። በሰማይ ያለችውንም መንገዷን አግራላት" ሲሉ ሰማሁ። ሁላችንም አሚን አልን። ተፈጥራ ለማታውቅ ሴት ዱዓ እየተደረገላት ነበር።

ተማሪዋ ግን በቀላሉ የምትረታ አልነበረችም። "መጀመሪያው ተንዛዝቷል። ስለ ሞተር ይሄን ሁሉ ገጽ ምን ያደርግልናል? ደግሞ ልጇን ጥላ የሄደች እናት እንዴት ጀግና ትባላለች?"

"እንዲህ አትፍረጂ። የልጇን ጉሮሮ ብላ ነው የወጣች" አሏት አሮጊቷ።

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሴትየዋ ወደ ምድር የምትመለስበትን ምዕራፍ ያነበብኩ ቀን የእህቴ ልጅ ምሳ ይዛ መጣች። እናቷ ስትሄድ ገና ድክድክ ትል ነበር፤ ስትመለስ በቁመት በልጣት ጠበቀቻት። እናቴ ቤት ከእኔ ጋር ስላደገች፣ እናቷን እኔ እንደምጠራት "እታለም" ነው የምትላት። ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቆማ ማዳመጥ ጀመረች። በመጽሐፉ ውስጥ ሴትየዋ ከመርከቧ ወረደች። ሽበት የጀመራት ልጇ ሮጣ መጣች። ተቃቅፈው አለቀሱ። አሮጊቷ "አልሃምዱሊላህ" አሉ። ተማሪዋ እንኳ ዓይኗን ጠረገች።

"ይሄ ውሸት ነው" የሚል ድምፅ መጣ። እህቴ ናት። ሁላችንም ዞርን።

"የጻፈው ሰው ሄዶ አያውቅም" አለች፣ አሁንም ግድግዳውን እያየች። "ማልቀሱማ ኋላ ነው። መጀመሪያ ቤት ትገቢያለሽ። ወጥ ልሥራ ትያለሽ፤ ጨው የት እንደሚቀመጥ አታውቂም። በገዛ ቤትሽ፣ ጨው የት ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ልጅሽ እንደ እንግዳ በሁለት እጇ ታቀብልሻለች። እኔ ጨዉን ይዤ ቀረሁ። እጇን ነበር የማየው። ስሄድ ያ እጅ አንድ ጣቴን እንኳ በቅጡ አይጨብጥም ነበር። እዚያ ለእኔ ቀኑ ሁሉ አንድ ነበር፤ ያው ወለል፣ ያው ሳህን። እዚህ ጊዜው እንዲያ መሮጡን ማን ነገረኝ?"

እህቴ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ከተመለሰች ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ያልወጣ ቃል፣ የማናውቀው ሰው በማናውቀው አገር ስለ ከዋክብት የጻፈው ታሪክ አወጣው። መጽሐፉ እጄ ላይ ከበደኝ።

የእህቴ ልጅ ምሳ ዕቃውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች።

"አስታውሳለሁ እታለም" አለች። "እንግዳ ሆነሽብኝ አይደለም። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ነገር ስለነበረ፣ እንዳይደፋብኝ ፈርቼ ነው በሁለት እጄ የያዝኩት።"

እህቴ ዞረች። ብዙ አየቻት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላትና "ነይ ተቀመጪ" አለቻት። አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ተማሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የቀሩትን ገጾች ያነበበችው የእህቴ ልጅ ናት።

አሁን ሁለቱ ኮምቦልቻ ቤታችን ውስጥ አብረው ያነባሉ። እህቴ የፍቅር ልቦለድ አይሆንላትም፤ ሩቅ የሚሄድ ታሪክ ነው የምትፈልገው። ልጅቷ በበኩሏ መጨረሻውን አስቀድማ እያየች ታናድዳታለች። ባለፈው ከሥራ ስመለስ፣ ውሃ ብቻ በሆነ ዓለም ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች ሲከራከሩ ድምፃቸው እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። አንዷ "ይመለሱ" ትላለች፣ ሌላዋ "እዚያው ይልመዱ"። ገብቼ ላቋርጣቸው አልቻልኩም። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ።