የሻምበሉ ሾርባና የዝይዋ እናት ምክር

የጣሊያኑ ሻምበል ወጥ ሠሪ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ተቀላቀለ የሚለውን ወሬ የሰማሁት ደብረ ማርቆስ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ የሻምበሉ አስተርጓሚ ሰይድ ከኋላዬ ደረሰ። "እትዬ ብርቄ፣ በሱ ፈንታ እርስዎ ተፈልገዋል" አለኝ። በሠርግ ቤት ወጥ መሥራቴን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እምቢ የሚባልበት ዘመንም አልነበረም። ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ሥራ ጀመርኩ።

ሰይድ የሾርባውን አሠራር ነገረኝ። አጥንቱ በቀስታ ይቀቀላል፣ አረፋው በጭልፋ ይገፈፋል፣ ጨው መጨረሻ ላይ ይገባል። ጨው ላይ ስደርስ ጨነቀኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ የሥጋ መረቅ ምላሴ ላይ አላኖርም። በስመ አብ ብዬ በግምት ጨመርኩ። ስጠራጠር ደግሜ ጨመርኩ።

ሻምበሉ ከራት በኋላ አማርኛ የሚማረው በልጅነቱ በተነበበለት መጽሐፍ ነበር። ያገሩ ልጆች ሁሉ የሚወዱት ሰው የጻፈው የእንስሳት ተረት ነው አሉ። እሱ ያነባል፣ ሰይድ ይተረጉማል፣ እኔ ሳህን እያጠብኩ አዳምጣለሁ። አንዲት ዝይ ጎተራ ውስጥ ጥቁር ነገር አይታ አገር ጥላ ልትሸሽ ተነሣች። እናቷ፣ "ከመሸሽሽ በፊት ማን ነህ በይው" አለቻት። ለካ የባላገሩ ጫማ ኖሯል። ዝይዋ ግን አንዴ መንገድ አምሯት ነበርና ሄደች። ከዚያ ቤት የወደድኩት የዝይዋን እናት ብቻ ነው።

በሳምንቱ ሻምበሉ ጠራኝ። የሸሸው ወጥ ሠሪ እንቅልፍ ነሥቶታል። ሽጉጡን ከሳህኑ አጠገብ አኑሮ ሾርባውን ቅመሺ አለኝ። አልቀምስም አልኩ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሰይድን ቅመስ አለው። ሰይድም እስላም ነኝ፣ በሬውን ያረደው ክርስቲያን ነው፣ አልቀምስም አለ። ይኼኔ ተማክረን መርዝ ልናበላው የተነሣን መሰለው። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

ወደ ሰይድ ዞርኩ። "ሰይድ፣ ንገርልኝ፤ ጌታው እጅዎን ከመስደድዎ በፊት ማን ነሽ ይበሉኝ፣ የዝይዋ እናት እንዳለችው።"

ሰይድ እየተንተባተበ ተረጎመ። ሻምበሉ በራሱ አማርኛ፣ "ማን ነሽ?" አለኝ።

"ጾመኛ ነኝ። እስከ ፋሲካ።"

ማንኪያውን አነሣና ራሱ ቀመሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰይድ ሲተረጉምልኝ፣ "መርዝስ አይደለም፤ መርዝ እንዲህ ጨው አይበዛበትም" ነው ያለው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ሻምበሉ ማንኪያውን ይዞ በየቀኑ ምድጃዬ አጠገብ ይቆም ነበር። "ጨምሪ" እና "በቃ" ማለትን አጥርቶ ተማረ። ሁለተኛውን አርበኞቹም ደጋግመው ነግረውታል።

በኋላ ትዳር ሐረር አመጣኝ፤ እንደወጣሁ ቀረሁ። እዚህ ሙያ ለሚማሩ ሴቶች የምላቸው ይህን ነው፦ ጾመኛ ከሆናችሁ ለአሠሪያችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ።

የተረቱን መጨረሻ ግን ሳልሰማ ጣሊያን ለቆ ወጣ። ያን ጊዜ እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ ሰይድም በሕይወት ካለህ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ዝይዋ አገሯ ገባች ወይ?