ጎረቤቴ ፊልም የተቀረጸች ቀን

ጎረቤቴን እንድትቀረጽ የገፋፋኋት እኔ ነኝ።

ሐረር በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ግቢውን የምጋራው ከባሏ ተፋታ ከሰባት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ከምትኖር የከተማዋ ተወላጅ ጋር ነበር። የሴቶች ልብስ ሰፊ ናት። ክፍሏ ስለሚጨልም የስፌት መኪናዋን በር ላይ አውጥታ ነው የምትሰፋው። እኔን «ቲቸር» ትለኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ክፍል ፊልም እናያለን። አብዛኞቹ ያው ናቸው፤ ጥሩዋ ሴት ታለቅሳለች፣ መጥፎዋ ትስቃለች። በጥፊ የተመታችው ሚስት መጨረሻ ላይ ራሷ ይቅርታ ትጠይቃለች። እኔ እበሳጫለሁ፤ እሷ የምታየው ልብሳቸውን ነው። «ይሄን ቀሚስ ማን ነው ያበላሸባት?» ትላለች።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጥተው ሰፈራችንን ሲቀርጹ ዋሉ። ዳይሬክተሩ እሷ በር ላይ ስትሰፋ አይቶ ቆመ።

«እንደተቀመጥሽ ሁኚ። ሥራሽን ብቻ ነው የምንቀርጸው» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትያለሽ ቲቸር?»

«ምን ችግር አለው? ሠርታ የምታድር ሴት አንዴ እንኳ ፊልም ላይ ትታይ» አልኳት።

ስትሰፋ ቀረጿት። ካሜራ የያዘው ሰውዬ የሆነ ቀልድ ጣል ሲያደርግ ቀና ብላ ሳቀች፤ ሻርፗ ከራሷ ሸርተት አለ፣ ወዲያው መለሰችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ወረቀት አስፈረሟት። መምህርቷ እኔ አጠገቧ ቆሜ ወረቀቱን አላነበብኩም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን የመምህራን ክፍል ስገባ ባልደረቦቼ አንድ ስልክ ከበው ይስቃሉ። አንደኛው፣ «ይቺ ጎረቤትሽ አይደለችም እንዴ?» አለኝ።

ፊልሙ ላይ አንድ ባለትዳር ነጋዴ በሰፈራችን ጠባብ መንገድ ያልፋል። የጎረቤቴ ፊት ብቅ ይላል፤ ትስቃለች፣ ሻርፗ ይወርዳል። ስትመልሰው አይታይም፣ ቆርጠውታል። ቀጥሎ የማላውቀው የሴት ድምፅ «ግባ፣ ማንም የለም» ይላል፤ ያንኑ ቀለም ሻርፕ የለበሰች ሌላ ሴት በጀርባዋ ብቻ እየታየች ሰውየውን አስገብታ በሩን ትዘጋለች።

እቤት ሄጄ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አየችው።

«ድምፁ የኔ አይደለም። ወላሂ እንዲህ አላልኩም!»

«አውቃለሁ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ» አለች።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሙሽራ እናቷን ልካ ያልተሰፋ ጨርቋን አስወሰደች። ከዚያ ሌሎችም ተከተሉ። ዳይሬክተሩ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ፊልም እኮ ነው። ደግሞ ፈርማለች» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ የቀድሞ ባሏ ልጄን ልውሰድ ብሎ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ልመስክር ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ትልቁ ሽማግሌ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ በጥሞና ሰሙኝ።

«አባባ፣ ሲቀርጿት እዚያው ነበርኩ። የተናገረችው ነገር የለም። ድምፁም የሌላ ነው፤ በሩን የዘጋችውም ሌላ ሴት ናት።»

«ሳቁስ ልጄ?»

«ሳቁ የሷ ነው። ግን…»

«ለባዕድ ወንድ ነው የሳቀችው?»

«ቀልድ ተናግሮ ነው፣ አባባ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «አስተግፊሩላህ። ለመሆኑ ተቀረጪ ብሎ የመከራት ማነው?»

ለአገሩም ለሃይማኖቱም እንግዳ ነኝ፤ «ይቺ ናት ያበላሸቻት» ሲሉኝ፣ አከራዬም ሲያስወጣኝ ታየኝ። ጎረቤቴ አንድ ጊዜ አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

«ማንም አልመከረኝም። ራሴ ነኝ» አለች።

ልጅቷ ወሬው እስኪበርድ የአባቷ እናት ዘንድ ትቆይ ተባለ። ወሬው በረደ፤ ልጅቷ ግን አልተመለሰችም። እናቷ ዓርብ ዓርብ ብቻ ሄዳ ታያታለች። የሚያሰፋ ሲጠፋ ድሬዳዋ ዘመዷ ሱቅ ልትሠራ ተነሣች። ዕቃዋን ስትጭን ተጠግቼ፣ «ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» አልኳት።

«ብትናገሪ ምን ይለወጥ ነበር? ሁለታችንም እንሰደብ ነበር እንጂ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ይሁን ንቃኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ልጅቷ እኔ የማስተምርበት ክፍል ገብታለች። ጎበዝ ናት፤ ጽሑፏ ያምራል። ስሟን ስጠራ «አቤት» ትላለች እንጂ ቀና ብላ አታየኝም።