የክርስትና ስሙ

የሥዕል መጽሐፌን የመጨረሻ ገጽ ያየው አራሚ ደወለልኝ። «ልጁ በልጅቷ ጆሮ ሲያንሾካሹክ ከአፉ የወጣው ክብ ባዶ ነው፤ ጽሑፉን ረስተሽዋል» አለኝ። ምን እረሳለሁ! የገዛ ስሜን ብረሳ ያንን አልረሳም። ባዶ ይሁን ብዬ ነው። አልሰማ ካለ ምክንያቱ ይኸውና።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ደብረ ታቦር አዳሪ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ ከጉና ሥር ባለች ደብር መሪጌታ ናቸው። እኔ ደግሞ በካሬ ደብተር ላይ በእስክርቢቶ የሥዕል ልብ ወለድ ጀመርሁ። ጉና አናት ላይ የአስማት አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪዎቹ ጉሙን እንደ ጋቢ ይለብሱታል፤ ድንች ልጡ ሲባሉ ድንቹ ራሱን ይልጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ገብተን ድንች የምንልጥ እኛው ነበርንና ያን ገጽ ያልወደደ አልነበረም። እዚያ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ አንድን ልጅ ትወዳለች። ልጅቷ እኔ አይደለሁም ብዬ ድርቅ እል ነበር፤ ልጁ ግን ከፊቴ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጥርሰ ፍንጭት ልጅ መሆኑን ዕውርም ያውቀዋል። እወደው ነበር፣ አለቀ! ግን አንድ ቀን እንኳ ደፍሬ በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

በአንዱ ገጽ ላይ ልጁን ክፉ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ልጅቷ በግእዝ «ተንሥኢ!» ብላ ታስነሣዋለች። ደብተሩ ከአልጋ አልጋ ሲዞር ሰነበተ። በሳምንቱ እውነተኛው ልጅ በትኩሳት ወደቀና ቤተሰቦቹ መጥተው ወሰዱት። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ግን ማን ይስማ! የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪያችን ደብተሩን ከፍራሼ ሥር አወጣችው። «አስማት» የሚለውን ርእስና የተኛውን ልጅ ስታይ አማተበች። «በስመ አብ! መስተፋቅር ነው! የመሪጌታ ልጅ፣ ከአባቷ ሰርቃ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ አብሮኝ የሚበላ ጠፋ። በእኛ አገር ድግምት የሚሠራው በክርስትና ስም ነው ይባላል፤ የፈራ ሰው የክርስትና ስሙን ይደብቃል። የአልጋ ጎረቤቴ አንድ ቀን ዐይኗ እንባ አቅርሮ መጣችና «አምና የክርስትና ስሜን ነግሬሽ ነበር፤ በእመቤታችን፣ እርሺው» ብላ ለመነችኝ። «ረሳሁት» አልኋት። ሌላ ምን ልበላት? ሄጄ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ።

ርእሰ መምህሩ አባቴን አስጠሯቸው። ነገሩ እውነት ነው ከተባለ እኔ መባረሬ ነው፤ እሳቸውም ጠንቋይ ተብለው መቅረታቸው ነው።

አባቴ እስከ አስፋልቱ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉና ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ማንበብ ያዙ። አንድም ገጽ አልዘለሉም። ድንቹ ዘንድ ሲደርሱ ጢማቸው ነቅነቅ አለ። የተኛው ልጅ ዘንድ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተኮሳተረ። አለቀልኝ አልሁ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ይማሩኝ።»

«ወንድ ልጅ እንዴት ተንሥኢ ይባላል? እሱ ለሴት ነው! ለወንድ ተንሥእ ነው የሚባል! ስንት ዘመን ቅኔ የዘረፈ ሰው ልጅ፣ አታፍሪም?» ወደ ርእሰ መምህሩ ዞሩ። «ጌታዬ፣ በዚህ ግእዝ እንኳን ሰው ፍየልም አትታመም።»

ርእሰ መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። አባቴ እስክርቢቶ ተቀብለው ስሕተቴን አርመው ደብተሩን መለሱልኝ። በሩ ላይ ሲሰናበቱኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «ፍንጭቱን አሳምረሽ ሥለሽዋል» አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ።

አልተባረርሁም። ወሬ ግን እንደ ግእዝ በእስክርቢቶ አይታረም። ልጁ ከወር በኋላ ከስቶ፣ አንገቱ ላይ ክታብ ታስሮለት ተመለሰ። እናቱ «ከእሷ ራቅ፤ የክርስትና ስምህን እንዳትነግራት» ብለው እንዳስማሉት ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። ሲገባ አየሁት። ሌላ ወንበር መፈለጉ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ሁሉም እያየው ጎንበስ አለና በጆሮዬ የክርስትና ስሙን ነገረኝ።

«እንግዲህ እንደፈለግሽ አድርጊው» ብሎኝ ከፊቴ ተቀመጠ።

ያን ስም ለአባቴም አልነገርሁ፤ ለአራሚ ነው የምነግረው?