ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ

አክስቴ ትሬይለሩን ልትሸጠው ነበር። ትሬይለሩ ምግብ የምንሸጥበት ነው፤ ውስጡ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ታንክ አለው። ሰርግ ወይም ስብሰባ ሲኖር የአክስቴ ባል በአሮጌው ፒካፕ እየጎተተ ይወስደን ነበር። እሱ የታመሙ እናቱን ሊያስታምም አገር ቤት ሲሄድ የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ። አክስቴ መንዳት አትችልም። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም።

አንድ ቀን ከሳን በርናርዲኖ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ የመኪናው ኋላ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። እኔ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ፤ ግን ከኋላ አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ የሚወዘውዘኝ ነው የሚመስለው። አክስቴ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ አንቃ ይዛ "በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!" ትላለች። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። አክስቴ ወርዳ የፒካፑን ጎማዎች በጫማዋ መታ መታ አደረገቻቸው።

"ሊሾ ሆነዋል! ለቬጋሱ ሰርግ ጎማ ቀይሪ። ያኔም እንዲህ ከወዘወዘኝ ግን ትሬይለሩን እዚያው ሸጬው በአውቶቡስ እመለሳለሁ። እዚያ የሚገዛኝ ሰው አለ።"

"እኔስ?" አልኳት።

"አንቺማ ሆቴል ትገቢያለሽ። አልጋ ማንጠፍ ምን ይከብዳል?"

ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ ሞክሬው ነበር። አልጋው አልከበደኝም። የከበደኝ ኮሪደር ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ፣ ደግመው ይጠይቁኛል። ትሬይለሩ ውስጥ ግን ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ እውላለሁ፤ ከሰው ጋር የምታወራው አክስቴ ናት። ስለዚህ ጎማው የእኔ ጉዳይ ሆነ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጎማ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ንፋስ ይሞላል። ዓይነት እንዳለው የሰማሁት የአበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ነው። ትሬይለሩን የምናቆመው ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ሲሆን፣ በምግብ ቤቱ በር ላይ ጠዋት ጠዋት የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር።

"ጋሼ፣ ለፒካፑ ጎማ ልገዛ ነው። ምን ዓይነት ይሻላል?"

"ተሳቢ ትጎትቺበት የለ? ጥርሱ ትልልቅ የሆነ፣ መሬት የሚነክስ ጎማ ነው የሚያስፈልግሽ። እኔ ይህን ሥራ ስሠራ አንቺ አልተወለድሽም!"

"እሺ ጋሼ።"

ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ አንድ ባለታክሲ ሻይ ይጠጣ ነበር። ከአክስቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። ሽማግሌው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"እሳቸውን አትስሚ፤ የእሳቸው መንገድ ጠጠር ነው። አንቺ ፍሪዌይ ላይ ነው ድራይቭ የምታደርጊው። ሶ፣ ለስላሳ፣ ድምፅ የሌለው ጎማ ውሰጂ። ታክሲዬ ላይ ያሰርኩት እሱን ነው። የማውቀው ሱቅ አለ፣ ኮል አደርግልሻለሁ።"

"እሺ ጋሼ።"

እኔ እሺ ያልኩት ሰምቻለሁ ለማለት ነው። እነሱ ግን ተስማምታለች ብለው ሄዱ። በማግስቱ ሽማግሌው በሰው መኪና አራት ትልልቅ ጎማ አስጭነው መጡና ከትሬይለሩ አጠገብ አስደረደሯቸው። አንድ ወዳጃቸው መኪናውን ሲሸጥ ያስቀራቸው ናቸው አሉ። ስጦታ ነው። ገና አመስግኜ ሳልጨርስ ባለታክሲው ደወለ፤ የእሱን አራት ጎማ ኦርደር አድርጎ ሱቁ አዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነው።

አክስቴ ስትሰማ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ስምንት ጎማ! ባቡር ልትነጂ ነው እንዴ?"

"ምን ልበላቸው?"

"አንቺማ ምንም አትይም፤ ነውር ነው። ሰው ላኪባቸው።"

ልክ ነበረች። የሽማግሌ ስጦታ በአንዲት ልጅ አፍ አይመለስም፤ ሌላ ትልቅ ሰው መሃል ገብቶ ነው የሚመልሰው። ግን የማውቀው ትልቅ ሰው ባለታክሲው ብቻ ነው። እሱን ለመንኩት። ደስ ብሎት ሄደ። ሁለቱ ሻይ አዘው ሲከራከሩ እኔ መንገዱን ተሻግሬ ቆሜ እጃቸውን አያለሁ። የሽማግሌው እጅ ይወጣል፣ የባለታክሲው ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ተጨባበጡና ጠሩኝ።

"ተስማምተናል" አሉ ሽማግሌው። "ሁለት የእኔ ከፊት፣ ሁለት የእሱ ከኋላ። ማንም ቅር አይለውም።"

"ዊን ዊን ነው፤ ሁለታችንም አሸነፍን" አለ ባለታክሲው።

ግራ ገባኝ። የተጣላ ሰው የለም፤ እነሱ ግን አስታርቀው ነበር የጨረሱት። ጎማ እንዲህ ለሁለት ይከፈል እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌው መርቀውኝ ስለነበር "አሜን፣ እሺ" አልኩ።

ትሬይለሩን እንደጎተትኩ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሁለቱ ሰዎች የሽማግሌውን ጎማዎች በታክሲው ጭነው ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጎሚስታው ስፓኒሽ ነው የሚናገረው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ትንሽ ይሻላል። ትሬይለሩ ምን ያህል ይከብዳል ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም። ባለታክሲው ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ብሎ በጣቱ ሲያሳየው ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳይሳቅለት ሲቀር እኔን አየኝ። እንዳይጠይቀኝ ብዬ ወደ መኪናው ኋላ ሄድኩ።

እዚያ ቆሜ እያለሁ ትሬይለሩን ከፒካፑ ፈታው። የፒካፑ የኋላ ጎማ እስከዚያ ድረስ ከክብደቱ የተነሳ ሆዱ ወጥቶ ነበር፤ ትሬይለሩ ሲለቀው ሆዱን ሰብስቦ ቀጥ አለ። እያየሁት ነው የተለወጠው። ያ ቁልቁለት ላይ ትከሻዬን የወዘወዘኝ ይሄ ይሆን? አላወቅኩም። ግን ሄጄ የባለታክሲውን ጎማ ጎኑን በእጄ ተጫንኩት፤ እሺ ብሎ ገባልኝ። የሽማግሌውን ተጫንኩት፤ ድንጋይ ነው። ግን በጥርሶቹ መሃል እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሌላ ተሰቅሎ ነበር፤ ጥርሱ ትልቅ አይደለም፣ አዲስ ነው፣ ጎኑን ስጫነው አልገባም።

ቋንቋ ስላጠረኝ ሆዴን ነፍቼ በእጄ እያሳየሁ "ይሄስ?" አልኩት ጎሚስታውን። ሳቀ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ሆዱ አይወጣም ማለቱ ነው። ጎኑ ላይ የሚሸከመውን ክብደት የሚናገር ቁጥር አሳየኝ። ከባለታክሲው ጎማ ቁጥር ይበልጣል። ቁጥሩ ይበቃል አይበቃ አላወቅኩም፤ የትሬይለሩን ክብደት የሚያውቅ የለማ።

"አራቱም ይሄ ይሁን" አልኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

"ምን አልሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"ጋሼ፣ አይሆንም። የእርስዎም አይሆንም፣ የእሳቸውም።"

"ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር?"

"ጋሼ፣ እኔና አክስቴ ነን የምንሄድበት።"

ፊቴ ጋለ። ምድጃ ስላልነበረ ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጎማ አዩ፤ ስንጥቁ ላይ ጥፍራቸውን አስገቡ። ከዚያ የባለታክሲውን ተጫኑት።

"ያንተስ ትራስ ነው!"

"የእርስዎን ደግሞ ሙዚየም ይቀበልልዎታል።"

እየተነካከሱ ወጡ። ተቀየሙኝ ወይስ አልተቀየሙኝም፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወደ ቬጋስ ስንወጣ አክስቴ ከመነሻችን ጀምሮ መያዣዋን አልለቀቀችም። ሙቀቱ መስታወቱን ያግለዋል። ትልቅ የጭነት መኪና አልፎን ሲሄድ ነፋሱ ገፋን። እጄ መሪው ላይ ደረቀ፤ አሁን ይጀምራል ብዬ ጠበቅኩ። ትሬይለሩ ትንሽ ተነቃነቀና ቀጥ አለ። ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁለቱን ወረድን። ቁልቁለቱ አለቀ። ዞር ስል የአክስቴ እጅ ጭኗ ላይ ነው፤ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ጎማው ይሁን፣ ከመነሳታችን በፊት የውሃውን ታንክ ባዶ በማድረጌ ይሁን፣ ወይስ ከሰው ሁሉ ኋላ ቀርቼ ቀስ ብዬ በመንዳቴ ይሁን አላውቅም።

የሰርጉ ምግብ ሊያልቅ ሲል ያ ትሬይለሩን ሊገዛ የነበረው ሰው መጣ። ውስጡን አየ፣ ፒካፑን ዞረው፣ ጎማውን በእግሩ መታ።

"አይሸጥም" አለችው አክስቴ። "በልተህ ሂድ።"

"ጎማው ግን ጥሩ ነው። ማነው የመረጠው?"

አክስቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። ሰውየው ለምን ይሄን እንደመረጥኩ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት፣ ሳህን ሞልቼ ሰጠሁትና ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።