አይቫሩ እኔ እጅ ሲወድቅ

በምንኖርበት የኪሊማኒ ሰፈር፣ እኛ ፎቅ ላይ አንዲት የመቄዶንያ ሴትዮ አሉ። "ማማ" ነው የምላቸው። በዓመት አንዴ የአገራቸውን ሰዎች ሰብስበው በትንንሽ ሳህን ኮምጣጤ የገባ ጎመን፣ ኪያር፣ አይብ ይደረድራሉ። የገበታው ንጉሥ ግን አይቫር ነው፤ ትልልቁ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ በከሰል ተጠብሶ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በዘይት የሚበስል።

ዘንድሮ ድግሱ ሲቃረብ ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። "ያለ አይቫር እንግዶቼን በምን ፊቴ ልቀበል?" ብለው ሲያለቅሱ አፌ አላስቀመጠኝም። "እኔ እሠራዋለሁ!" አልኩ።

ሚስቴ ሰማች። "አንተ? እንቁላል የምታሳርር ሰውዬ? በሰው ፊት እንዳታዋርደን!"

ግቢ ውስጥ እዚህ ጂኮ የሚሉትን የከሰል ማንደጃ ሁለቱን ሙሉ አቀጣጥዬ ቃሪያውን ጠበስኩ። ቆዳው ጠቆረ። መቼም እኛ ቤት ሳይታጠብ ድስት የሚገባ ነገር የለም፤ ግማሹን ሳፋ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ እሽት እሽት ሳደርገው ማማ ከበረንዳ ጮኹ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ጥላሸቱን እያጠብኩ ነዋ።"

"ጣዕሙን ነው ያጠብከው! አይቫር ማለት እኮ ጭሱ ነው!"

ግማሹ እንዲህ ሄደ። የቀረውን ጣቴ እየተለበለበ በደረቁ ላጥኩት፤ ፈጭቼ ጣድኩት።

"ማንኪያህ ድስቱ ላይ መንገድ ሲያወጣና መንገዱ ሳይዘጋ ሲቀር ያኔ ደረሰ በል" አሉኝ። "ሁሉም እዚህ ላይ ነው የሚሰለቸው።"

ሳቄ መጣ። እናቴ ሴት ልጅ ስላልነበራት የዶሮ ወጥ ቁሌት ማማሰል የኔ ሥራ ነበር። እኔን በማማሰል? ከሰዓቱን ሙሉ እያንጎራጎርኩ አማሰልኩ፤ መንገዱ ወለል አለ።

እንግዶቹ ከሌላ ሰፈር፣ ከጊጊሪም ከዌስትላንድስም መጡ። ትንሽ ይቆነጥራሉ፣ አረቄ ይጎነጫሉ፣ ያወራሉ። እኔ ቦርጫሙ ዋናው ምግብ መቼ ይመጣል እያልኩ በር በር ሳይ፣ ለካ ዋናው ምግብ እሱው ነው!

በአይቫር ፈራጁ "ምዜ" የሚሏቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዳቦ አጠቀሱ፤ አላመጡ፤ ፊታቸው ድንጋይ። ቀስ ብለው ሳህኑን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

"ምዜ፣ ሳህኑ የጋራ ነው!" አሉ ማማ።

"ነበር" አሉ ሽማግሌው። "ለእናንተ ሌላ ይምጣላችሁ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማማ በደህናው እጃቸው ጀርባዬን ደለቁት። ደረቴን ነፍቼ ሌላ ልቀዳ ኩሽና ስገባ፣ ሚስቴ ድስቱን በዳቦ እየጠረገች ነው።

"ጨዉን እያየሁልህ ነው" አለችኝ፣ አፏ ሞልቶ።