ዲከረንሱ እስኪቆረጥ

እንጅባራ ላይ ከእኔ ቀድሞ ባጃጅ የነዳ ይኖራል፤ ከእኔ በልጦ የነዳ ግን የለም። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ወይም እሱ ነው የተወኝ፤ ብቻ ተከባብረን ነው የተለያየነው። እሷ ግን፣ የያኔዋ ፍቅረኛዬ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው።

ጨዋታውን ያመጡብን ሁለት ፈረንጆች ናቸው። ዘንገና አድርሰን አሉኝ፣ አደረስኳቸው። ሐይቁን ያያሉ ስል ስልካቸው ላይ አፍጥጠው በየቁጥቋጦው መዞር ጀመሩ። ድንጋይ ያነሳሉ፣ ይመልሳሉ። በቃ ወርቅ ሊያወጡ ነው አልኩ በልቤ! ድርሻዬ እንዳይቀርብኝ ለፍቅረኛዬ ደወልኩና ስልኩን ከፈረንጆቹ ለሴቷ ሰጠኋት። በስልክ ሲሳሳቁ ቆዩና ስልኩ ወደ እኔ ተመለሰ።

"ምን አለችሽ?"

"እቃ ደብቀው የሚፈላለጉበት ጨዋታ ነው። የቦታውን ቁጥር ስልኩ ይነግራቸዋል። ያገኘ ሰው የወደደውን ይወስድና የራሱን ያስቀምጣል።"

"ለዚህ ነው ባሕር አቋርጠው የመጡት?"

"አንተስ በባዶ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ በእኛ በር የምትመላለሰው ለምንድነው?"

የባጃጄን መስታወት መወልወል ጀመርኩ። እኔን በአፍ የረታ ሰው ከእሷ በቀር አላውቅም።

በሳምንቱ እኛም ጀመርን። እሷ ያለቀ የፀጉር ቅባት እቃ አጥባ አመጣች። ውስጡ የአንድ ብር ሳንቲም፣ የድሮ ባጃጄን ቁልፍና ከረሜላ ከተትን። ሕጉን ትንሽ አሻሻልነው። ያገኘ ሰው እቃውን ሌላ ቦታ ይደብቅና ቁጥሩን በመልእክት ይልካል። የት ነው ብሎ መጠየቅ የለም። የጠየቀ ተሸነፈ።

ጥርባ ሐይቅ ዳር ደበቅን፣ ዳንግላ ድረስ በሚኒባስ ሄደን ደበቅን። ግምጃ ቤት ላይ በገበያ ቀን ከአንድ አጥር ሥር ስንቆፍር አንዲት እናት ከኋላችን ደረሱብን።

"ልጆቼ፣ በማን ላይ ነው መድኃኒት የምትቀብሩት?"

"ኧረ እማማ፣ ጨዋታ ነው!"

"የሚቀበር ጨዋታ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? እስቲ ክፈቱት!"

ከፈትንላቸው። ትክ ብለው አዩና ከረሜላውን አንስተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ከዘንቢላቸው አንድ ድንች አውጥተው በቦታው አስቀመጡልን። ሕጉን ማንም ሳይነግራቸው! ክዳኑ እምቢ ስላለ ድንቹን ቀቅለን በላነው።

አሁን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ እቃውን ስትፈልግ ነው። ስልኩን እንደ ጧፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቀስ እያለች ትራመዳለች። እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ "ቀኝ! ኧረ ግራ!" እያልኩ አሳስታታለሁ። "አንተ ጉረኛ፣ አፍህን ዝጋ፤ ቁጥሩ አመለጠኝ!" ትለኛለች። ስድቧ ራሱ ይናፍቀኛል።

ማትሪክ አለፈችና ዲላ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ዲላ! ከዚህ እስከዚያ ያለውን ከተማ በጣቴ ስቆጥር ጣቴ አለቀ። ግን እኔ ወንዱ አትሂጂ ብዬ ልለምን? ጋራዥ ገባሁና አንድ ዳዶ፣ ያ ብሎን የሚጠብቅበትን ቀለበት ብረት፣ አነሳሁ። በሞረድ ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ጥርሱ ጠፍቶ ለጣት ልክ እስኪሆን ድረስ። እመኑኝ፣ ከብር ቀለበት በልጦ ነው ያበራው። እቃው ውስጥ ከትቼ ጥርባ ደበቅኩትና ቁጥሩን ላክሁላት። ታገቢኛለሽ ወይ እንደሚላት ታውቃለች፤ ቀለበት ቀለበት ነው።

የሄደች ቀን ከመናኸሪያ መልእክት ላከችልኝ። "አግኝቼው ሌላ ቦታ ደብቄዋለሁ። እሺ ካልኩህ ቀለበቱ ጣቴ ላይ ነው። እምቢ ካልኩህ እዚያው ውስጡ ታገኘዋለህ። ፈልግ ጉረኛ።" ከሥሩ ቁጥር።

ባጃጄን እንደ ፈረስ ጋለብኩት። ቁጥሩ የወሰደኝ ከዘንገና በታች ያለ የአንድ ሽማግሌ ማሳ ውስጥ ነው። ጤፉ ቆሟል፤ ከጤፉ መሐል የዚያ ዓመት የዲከረንስ ችግኝ ተተክሏል። ያ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ማለቴ ነው፤ ያኔ አገሩን ሁሉ እየወረሰው ነበር።

"አንተ ባጃጅ! ጤፌን እንዳትረግጥ!"

"አባባ፣ እቃ ጠፍቶብኝ ነው።"

"ከእኔ ጤፍ ውስጥ?"

"የሚያገባኝ ነገር ነው። ማለቴ ከሚስት የሚያጋባኝ።"

ሽማግሌው በአገውኛ አንድ ነገር ብለው ሳቁ። "ከአጨዳ በኋላ ና" አሉኝ።

ከአጨዳ በኋላ ሄድኩ። ስልኬ እዚህ ነው ይላል፤ አሥር እርምጃ ስሄድ ደግሞ የለም፣ እዚያ ነው ይላል። ድንጋዩ የትየለሌ ነው። ያልገለበጥኩት ድንጋይ የለም ብዬ ተመለስኩ። በዓመቱ ችግኙ ከእኔ በለጠ፤ በሁለተኛው ዓመት ውሻ እንኳን የማያሾልክ ጫካ ሆነ። ሽማግሌው "ልጄ፣ እንግዲህ እስኪቆረጥ ነው" አሉኝ።

ስትደውል "አገኘኸው?" ትለኛለች።

"ነገ አገኘዋለሁ።"

"ጠይቀኝና ልንገርህ።"

"እኔ? ልጠይቅ?"

ትስቃለች። በኋላ በኋላ ሳቋ እያጠረ መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጉራ ብቻ አልነበረም። እቃው እስካልተገኘ ድረስ እምቢ አላለችኝም። ጫካው እምቢታዋን እንደያዘልኝ እንዲቆይ የምመኝበት ቀን ነበር። ከዚያ ቤተሰቦቿ ቤታቸውን ሸጠው ከከተማው ወጡ፣ የእሷም ስልክ ቀስ በቀስ መጥራት ተወ።

አራተኛው ዓመት ላይ ዲከረንሱ ተቆረጠ። እኔ ዳንግላ ሰው ላደርስ ሄጄ ስመለስ፣ ከሩቅ በዘንገና በኩል ጭስ አየሁ። ቆራጮቹ እንጨቱን እዚያው ማሳው ላይ ከምረው፣ አፈር አልብሰው፣ ለኩሰውታል። የከሰሉ ክምር ልክ ስልኬ እዚህ ነው የሚለኝ ቦታ ላይ ነበር። ቆሜ ጭሱን አየሁ። ቀልድ ጠፋብኝ፤ ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰሉ ወጥቶ ሲያበቃ ሽማግሌው ወንፊት አበደሩኝ። አመዱንና አፈሩን ስነፋ ዋልኩ። ወደ ማታ ከአንድ ድንጋይ ሥር የቀለጠ ፕላስቲክ ተጣብቆ አገኘሁ። በድንጋይ ፈረከስኩት። ሳንቲሙ አለ፣ ጠቁሯል። የባጃጄ ቁልፍ አለ። ቀለበቱ የለም። ዳዶ ደግሞ በከሰል እሳት አይቀልጥም፤ ይሄን እንኳን እኔ፣ ማንም ያውቃል። እንደገና ነፋሁት፣ እንደገና። የለም።

"አጣኸው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"አጣሁት አባባ! ጣቷ ላይ ነው!" አልኩና አቀፍኳቸው። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከዚያ አመድ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አመድ ነው እንግዲህ።

ለቀለበቱ ምትክ ምን አስቀምጣልኝ እንደነበር እሳቱ በላው። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። "የደወሉላቸው ደንበኛ..." ስትል የቴሌዋ ሴት፣ ዘጋሁት።

ማሳው ዛሬ እንደገና ጤፍ ነው፤ ከመሐሉ አዲስ ችግኝ ብቅ ብሏል። እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። ግን መናኸሪያ ከሩቅ የመጣ አውቶቡስ ሲገባ ወረፋ አልጠብቅም፣ ሌሎቹ ባለባጃጆች ይሰድቡኛል። ከኋላ ተቀምጣ ሂሳብ የምትዘረጋልኝን ሴት ሁሉ ከፊቷ በፊት ጣቷን ነው የማየው። ብርና ወርቅ ያጠለቀ ጣት ሞልቷል። ዳዶ ያጠለቀ ገና አልመጣም።