ቀይዋ ባንዲራ የወረደችበት ግማሽ ሰዓት

ሙላምቤ ወንዙ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ረባዳ ላይ ያለች የሞዛምቢክ መንደር ናት። በዚያች መንደር ቤርናርዲኖን የማያውቅ አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም «ቲዮ» ይለዋል፣ አጎቴ እንደማለት። ሥራው የጀልባ ሸራ መስፋት ነበር። ዓሣ አጥማጆች የተቀደደ ሸራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲመጡ፣ እርሱ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ወፍራሙን መርፌ መዳፉ ላይ ባሰረው ቁራጭ ቆዳ እየገፋ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጥ ይሰፋላቸዋል። ያን ጊዜ እርሱ የሰፋው ሸራ ከጀልባው በላይ ይቆያል ይባል ነበር። ነፋስ ጋብ ባለ ዕለት የሳሳ ጨርቅ አይቶ ማለፍ ፈጽሞ አይሆንለትም፤ ሸራ የሚሰፋው ነፋሱ ሳይመለስ ነውና።

በስተርጅናው የባንዲራ ጠባቂነት ተጨመረለት። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ሦስት ባንዲራ፣ አንድ ፊሽካና አንድ ሬዲዮ አስረከቡት። ከሩቅ በሚታየው የጀልባ ወደቡ ምሰሶ ላይ ሰማያዊዋ ስትሰቀል ማዕበል በሩቁ አለ ማለት ነው፤ ቢጫዋ ስትሰቀል ዕቃችሁን ሰብስቡ፤ ቀይዋ ስትሰቀል ሁሉን ትታችሁ ወደ ሚሲዮኑ ኮረብታ ውጡ። ምሰሶው ባዶ ሲሆን ግን አደጋው አልፏል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። ይህችን የመጨረሻዋን ለሕፃናቱ በዜማ ያስተማራቸው እርሱ ራሱ ነው።

ባለቤቱ ኦርቴንሲያ ትስቅበት ነበር። «ሁለተኛ ሚስት አገባህብኝ! እኔን ዝናብ ሲደበድበኝ ቁጭ ብለህ ታያለህ፤ እሷን ጠብ ሲልባት ሮጠህ ታጥፋታለህ።»

«እሷ አትጨቀጭቀኝም።»

«ታዲያ ለምን ገንፎህን እሷ አትሠራልህም?»

አንድ ዓመት በመጋቢት ወር ሬዲዮው ስለ አንድ ማዕበል መናገር ጀመረ። ማዕበሉ ባሕሩ ላይ ተንሰራፍቶ፣ ከእግረኛ ባነሰ ፍጥነት እየተጎተተ ነው አለ። ሰኞ ጧት ቤርናርዲኖ ቀይዋን ሰቀለ፤ ፊሽካውን እየነፋም ቤት ለቤት ዞረ። ሕዝቡ ዶሮውን፣ ምንጣፉን፣ ሕመምተኛውን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጣ። ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕም አለፈ። ዝናቡ ይመጣል፣ ይቆማል፤ ወንዙ ደፍርሶ ይሞላል፤ ማዕበሉ ግን አይመጣም። በክፍሎቹ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተኛ። እህል አለቀ።

ሐሙስ ጧት ፀሐይ ወጣች። ቤርናርዲኖ እንደ ልማዱ ምሰሶውን ሊጠብቅ ወደ ጀልባው ወደብ ሊወርድ ሲል፣ ጎረቤታቸው አልዚራ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት።

«ቲዮ፣ ይኼ ማዕበልዎ ሽማግሌ ነው እንዴ? በከዘራ ነው የሚመጣው?»

«ይመጣል፣ አልዚራ። አትቸኩይ።»

«እኔማ አልቸኩልም፤ የልጆቼ ሆድ ነው የቸኮለው።»

ኦርቴንሲያም ከኋላዋ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ ልጆች ከትናንት ጀምሮ የካሳቫ ቅጠል ብቻ ነው የበሉት። እቤት ጣሪያው ሥር ሁለት ጆንያ ደረቅ ዓሣ ሰቅያለሁ። ሄጄ ላምጣው?»

«ቀይዋ ተሰቅላ ሳለች ማንም አይወርድም።»

«ስትወርድስ?»

«ስትወርድማ ማን ይከለክልሻል?» አለና ሄደ።

ወደቡ ሲደርስ ነፋሱ ጸጥ ብሏል። ቀና ብሎ ባንዲራዋን አየ። የሦስት ቀን ነፋስ ጫፏን በልቶት ክሩ ተተልትሏል፤ ስንጥቁም ወደ መሐል እየገባ ነው። ማዕበሉ የመጣ ዕለት በአንድ ጊዜ ሁለት እንደምትሆን ታየው። ሌላ ቀይ የለውም። ባሕሩን አየ፤ ሰማዩን አየ። ቢጫዋን በምትኳ ልስቀል ብሎ አሰበ፤ ግን ከቀይ በኋላ ቢጫ መስቀል አደጋው ቀነሰ ማለት ስለሆነ መዋሸት መሰለው። ለግማሽ ሰዓት ነው፣ አለ በልቡ። ገመዱን ፈትቶ አወረዳትና ከአሮጌው የኮኮነት መጋዘን ግድግዳ ጥግ ተቀመጠ። ጫፏን ሁለት እጥፍ አጠፈ፤ ስንጥቁን እንደ ሸራ ስፌት በመስቀለኛ ያዘው። እጁ ደስ አለው። ሲጨርስ መልሶ ሰቀላት፤ ሌላ ዐሥር ዓመት የምታገለግል መሰለች።

ከእኩለ ቀን በፊት ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ጠቆረ። ነፋሱ ያለማስጠንቀቂያ ወረደ። ወንዙ ዳር ዳሩን ሞልቶ ሳለ ባሕሩ ከወደ አፉ ገፋው፤ ውኃው የሚሄድበት አጥቶ ወደ መንደሩ ዞረ። ቤርናርዲኖ ጉልበቱ ድረስ እየጠለቀ በጭንቅ ኮረብታው ላይ ወጣ። የኦርቴንሲያ ታናሽ ወንድም ጀርቫዚዮ ደጅ ቆሞ ቁልቁል ያያል።

«ኦርቴንሲያስ?»

«ወርዳለች። አልዚራም አብራት ናት፤ አምስት ሆነው ነው የወረዱት። ባንዲራዋ ወርዳ ነበር እኮ!»

«መልሼ ሰቅያታለሁ!»

«በዘምባባው መንገድ ነው የሄዱት። ከዚያ ምሰሶው አይታይም።»

ቤርናርዲኖ ፊሽካውን እየነፋ ተመልሶ ሮጠ። ዘምባባዎቹ መሐል ሲደርስ ውኃው ደረቱን መታው፤ የቤት ክዳን፣ ምንጣፍ፣ የሞተ ፍየል እየተንሳፈፈ ያልፋል። ትንፋሹ እስኪያልቅ ነፋ። ሦስት ሴቶች የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተንጠልጥለው ወጡ። እርሱንም ጀርቫዚዮ በገመድ ጎትቶ አወጣው።

ውኃው ቅዳሜ ዕለት ጎደለ። ኦርቴንሲያና አልዚራ በወንዙ አፍ፣ ጨው ውኃ ውስጥ በሚበቅሉት ዛፎች ሥሮች መካከል ተገኙ። የኦርቴንሲያ ክንድ ከጆንያው ገመድ አልተላቀቀም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ከወረዳ አንድ ወጣት ጸሐፊ መጣ። በትምህርት ቤቱ ወንበር ተቀምጦ ባንዲራዋ ለምን እንደወረደች ጠየቀ። ቤርናርዲኖ አፉን ሳይከፍት ጀርቫዚዮ ቀደመ።

«ነፋስ ጣላት። ሁላችንም አይተናል።» ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጧት ግን ነፋስ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቅ ነበር።

«እንግዲህ ነፋስ ብዬ ልጻፍ፣ ቲዮ?»

«ነፋስ አልነበረም» አለ ቤርናርዲኖ። «እኔ ነኝ ያወረድኳት። ልሰፋት።»

ጀርቫዚዮ የቤርናርዲኖን ክንድ ይዞ ወደ ደጅ አወጣው።

«ለምን ተናገርክ? እኔ እህቴን ቀብሬ ዝም ብዬህ ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«ውኃው በጎደለ ማግስት ሄጄ ባንዲራዋን አየኋት። ያንተን ስፌት ማን ያጣዋል?» ጀርቫዚዮ ፊቱን አዞረ። «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። የአልዚራን ልጆች ግን ነፋስ ነው ብለናቸዋል። አሁን ከጸሐፊው አፍ ሳይሰሙ ሂድና ራስህ ንገራቸው።»

ልጆቹ ጭቃው ገና ባልደረቀበት ቤት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ልጅ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ ወለሉን በአካፋ ትጠርጋለች። ስታየው አካፋውን አስቀምጣ በርጩማ አቀረበችለት።

«ይቀመጡ፣ ቲዮ። ደክሞዎታል።»

አልተቀመጠም። ቆሞ ከሐሙስ ጧት ጀምሮ ነገራት፤ ታናናሾቿም ሥራቸውን አቁመው እየሰሙት ነበር።